"ዊዝ" በሽማግሌ ፊት

ትንሽ ቃል ቀላል ነው ይባላል። አይደለም። እንግሊዝኛ ተምሮ ያልሆነለት ሰው ሁሉ "ከባድ ከባዱ ቃል ነው ያስቸገረኝ" ይላል፤ እሱም ውሸት ነው። ረጃጅሞቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ማንንም አስቸግረው አያውቁም። "ኢንተርናሽናል" የሚለውን ቃል ሸዋ ሮቢት ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ አራት አልጋና አንድ የማይዞር ቬንቲሌተር ያለው ሆቴል ሁሉ ግንባሩ ላይ ጽፎታል። "ትራንስፎርመር" የሚለውንም የማያውቅ የለም፤ በሙቀቱ ወራት በየጊዜው ይቃጠላላ። ሰውን የሚጨርሱት እነዚያ ከሦስትና ከአራት ፊደል የማያልፉት፣ ምስር ወጥ ውስጥ እንደገባ ጠጠር በዓረፍተ ነገሩ መሐል ተሸሽገው ጥርስ የሚሰብሩት ናቸው።

ስለ አንዱ ልነግራችሁ ነው። "ዊዝ" ይባላል። በአማርኛ "ጋር" ብለን የምንፈታው ነው። ይህ ቃል ከጎረቤቴ አቃቅሮኛል፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አዋርዶኛል፣ በሦስት ሽማግሌ ፊት አስቀምጦኛል። ከሁሉም የከፋው ግን አንዲት ተፈታኝ ተማሪ ከክፍል ማስወጣቱ ነው። በእርግጥ ቃሉ አላስወጣትም። እኔ ነኝ ያስወጣኋት።

እኔ በከተማው ውስጥ "እንግሊዝኛ የሚያውቀው ሰውዬ" ነኝ። ይህን ማዕረግ የሰጠኝ አካል የለም፤ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ወፍራም መጽሐፍ ሳነብ ስለታየሁ ነው። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ወረቀት፣ የውሃ ፓምፕ መመሪያ፣ ከዓረብ አገር የተላከ የሥራ ውል የያዘ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ የሽንኩርት ገበሬ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ይዞ መጣና "በአንድ ጀሪካን ውሃ ስንት ክዳን ልጨምር?" አለኝ። እኔ የመድኃኒቱ ስም ከግሪክ ቋንቋ እንደመጣ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ በትዕግሥት አዳመጠኝና ጠርሙሱን ይዞ ወዳመጣው የባጃጅ ሾፌር ሄደ። ሾፌሩ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጎ ሥዕሉን አየና "ሁለት" አለው። ሽንኩርቱ ተረፈ። እንግዲህ እኔ ምን ዓይነት አዋቂ እንደሆንኩ ከዚህ ተረዱ።

ሐጂ እንድሪስ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። የማሾ ነጋዴ ናቸው፤ ይህን ጥራጥሬ ከገበሬው ሰብስበው ወደ አዲስ አበባ ይጭናሉ። ከስድስት ልጆቻቸው አምስቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትነው ወድቀዋል። ሁለቱ ዓረብ አገር ናቸው፤ ሦስቱ መጋዘን ውስጥ ማሾ ያበጥራሉ። የቀረችው የመጨረሻዋ ሀያት ናት። ሐጂ ስለ እሷ ሲያወሩ፣ ዓይን እንዳይገባት ነው መሰል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ይቺን አንዷን አላህ ቢያሳልፍልኝ፣ ከዚህ በኋላ ዱንያ ላይ ምንም አልለምነውም" ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንድትሰማ፣ "ካላለፈች መጋዘኑ ሰፊ ነው!" ይላሉ። ሀያት ሒሳብ ላይ እሳት ናት። የምትፈራው እንግሊዝኛን ብቻ ነው።

ፈተናው ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ በግንቦት ሙቀት የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲንጣጣ፣ ደብተሯን ይዛ በረንዳዬ ላይ መጣች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት?"

"አሥር ጠይቂ።"

"አንዱ ይበቃኛል። እኛ 'በቢላ ቆረጥኩ' እንላለን፤ 'በባጃጅ መጣሁ'ም እንላለን። ሁለቱም 'በ' ነው። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ 'ዊዝ' ነው፣ አንዱ 'ባይ' ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ይምታታብኛል። ፈተና ላይ ደግሞ አይቀርም።"

መልሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በእጅ ይዘው የሚሠሩበት ዕቃ ከሆነ "ዊዝ" ነው፤ ቢላ፣ ብዕር፣ ማንኪያ። ተሳፍረው የሚሄዱበት ከሆነ "ባይ" ነው፤ ባጃጅ፣ አውቶቡስ፣ አውሮፕላን። አለቀ። ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ትንፋሽ እንኳ አልጨረሰም። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ለእሷ ያልኳት እንዲህ ነው፦

"ከዚያ በፊት ግን ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አለች። ማወቅ እንደማትፈልግም ፊቷ ይናገር ነበር። ነገር ግን ያልተጠየቀውን መመለስ የጀመረ ሰው የሰው ፊት አያይም።

ዊዝ ጥንት "ጋር" ማለት አልነበረም። "በተቃራኒ" ማለት ነበር፤ ሁለት ሰዎች ጦር ሲማዘዙ አንዱ በሌላው ላይ መቆሙን የሚናገር ቃል። "አብሮ" ለማለት እንግሊዞች ሌላ ቃል ነበራቸው፤ "ሚድ" ይሉት ነበር። የሚድን ወንድም ጀርመኖች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። እንግሊዞች ዘንድ ግን ዊዝ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ከጠብ ወደ ወዳጅነት ተሻገረና ሚድን ከወንበሩ ገፍቶ ተቀመጠበት። ሚድ ጠፋ። የዊዝ የድሮ ጠባይ ዛሬም በአንዳንድ ቃላት ሆድ ውስጥ አለ፤ "ዊዝስታንድ" ሲሉ መከተ፣ ተቋቋመ ማለታቸው ነው፤ አብሮ ቆመ ማለታቸው አይደለም። የእኛውም "ጋር" ቢሆን ንጹሕ አይደለም። "ከእሷ ጋር ተጋባ" እንላለን፤ "ከእሷ ጋር ተጣላ" እንላለን፤ ብዙ ጊዜም ስለ አንድ ሰውና ስለ አንዲት ሴት ነው የምናወራው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ልጅቷ ሥርዓት ያላት ልጅ ናትና ሁሉንም ጻፈችው። የአስር አዛን ሲሰማ ደብተሯን አጠፈች።

"ጋሼ፣ ቢላውስ?"

"ዋናውን ነገ" አልኳት።

ነገ ግን ክፍል ነበራት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው መምህር ታደለ ይባላል። ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ሙቀታችንን ገና አልለመደውም፤ ማስተማሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰባ ምናምን ተማሪ አለ፣ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው፣ ጠመኔው በላብ እጁ ላይ ይሟሟል። በዚህ ሁሉ ላይ ቆሞ "ዊዝ ማለት ጋር ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም" ቢል እኔ ማን ነኝና እፈርድበታለሁ? ሀያት ግን እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ድሮ ግን ተቃዋሚ ማለት ነበር።"

"ማን ነው እንደዚህ ያለሽ?"

"ጎረቤታችን ጋሼ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ወንበር አንዱ "ቲቸር ተበላ!" ብሎ ጮኸ። መምህር ታደለ ጠመኔውን አስቀመጠና "ወላጅሽን ይዘሽ ነይ። እስከዚያ የእኔ ክፍል አትገቢም" አላት።

ወላጅ አምጪ የሚባለው ነገር ቀላል ሥርዓት ነው። ወላጅ ይመጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ልጁ ይገባል። ሐጂ እንድሪስ በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ። ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳይጠይቁ፣ በእኛ ቆላ እንደሚባለው፣ "አፉ በለኝ ልጄ" አሉት። ይቅር በለኝ ማለት ነው። መምህሩ ደግሞ የዋዛ ሰው አይደለም።

"እርስዎ ምን አጠፉ፣ ሐጂ? ልጅቷም ልጅ ናት። እኔን ተማሪ ፊት ያዋረደኝ ሰውዬው ነው። እሱ ይምጣ።"

ሐጂ ከትምህርት ቤቱ ቀጥታ ወደ እኔ በረንዳ መጡ። አልተቀመጡም።

"አንተ ሰው፣ ምን ብለህ ነው ያስተማርካት?"

"እውነቱን ነዋ፣ ሐጂ።"

"የጠየቀችህን?"

"ከጠየቀችኝ... ትንሽ ቀደም ያለውን።"

"ያ ረቢ! አንድ ኩንታል ማሾ ስጠኝ ያለኝን ሰው፣ ማሾ የመጣው ከህንድ ነው ብዬ ባዶ እጁን እሰደዋለሁ? እንዳንተ ብነግድ ኖሮ ልጆቼ ምን ይበሉ ነበር?"

"እኔ እኮ ትክክል ነኝ፣ ሐጂ።"

"ወላሂ፣ ትክክል ነህ ወይ ብሎ የጠየቀህ የለም" አሉ። "ሂድና አፉ በለው።"

ሄድኩ። እዚህ ላይ ባዶ እጄን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን መዝገበ ቃላቴን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ለምን? ይቅርታም እጠይቃለሁ፣ በነገራችን ላይ ግን ገጹ ይኸውላችሁ ልል። ይቅርታ ሊጠይቅ ማስረጃ ይዞ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስምንት የሚሆኑ አስተማሪዎች ነበሩ። መምህር ታደለ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በጣም ጥሩ ነበር። "ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የመጣሁት" አልኩ። "ኧረ ችግር የለም፣ ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለ። በዚያው ተነስቼ ብወጣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረች። ሆኖም የፊዚክስ አስተማሪው "ለመሆኑ እውነት ተቃዋሚ ማለት ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያ ሰው ምቀኛ ነው አልልም፤ ግን ለምን ጠየቀኝ?

መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ገጹን ከዳር እስከ ዳር። ቀና ስል መምህር ታደለ ቆሟል፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"ትናንት በተማሪ አሰደቡኝ። ዛሬ ደግሞ መጽሐፍ ጭነው መጥተው ባልደረቦቼ ፊት ሰደቡኝ። ጋሼ፣ ከእንግዲህ በዚህ አያልቅም። በሽማግሌ ነው።"

"ልጅቷስ?"

"ከታረቅን ትገባለች።"

በሽማግሌ ነው። ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድድ። ምናልባት ከተማ ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሊስቅ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን የውሃ ተራም ሆነ የድንበር ክርክር፣ የተገጨ ባጃጅም ሆነ የተነካ ክብር፣ ሁሉም አንድ ጥላ ሥር ነው የሚያልቀው፤ ከሐጂ መጋዘን ጀርባ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር። ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። ሰብሳቢው ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ በድሮው የአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሁለተኛው ሼህ ሁሴን ናቸው። ሦስተኛው የከተማው አንድ አዛውንት ቄስ ናቸው።

የሽምግልናን አካሄድ የማያውቅ ሰው በአንድ ቀን የሚያልቅ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽማግሌ ስለ ጉዳዩ አይጠይቅም፤ ቀጠሮ ይይዛል፣ ይመርቃል፣ ይነሳል። በሁለተኛው ቅዳሜ ተበዳይ አይመጣም። በመጀመሪያ ጥሪ ከመጣ በደሉ ትንሽ ነበር ይባላላ። መምህር ታደለ ደግሞ ሥርዓት ያለው ልጅ ነውና አልመጣም። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሀያት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ደብተሯን ይዛ ትወጣና በመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ከሚሰማው ግማሹን ትጽፋለች፤ ግማሹን ነፋሱና የመንገዱ የጭነት መኪና ይወስደዋል። አንድ ቀን ዘበኛው አየና አስነሳት። ያን ዕለት በረንዳዬ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

"ጋሼ፣ ቢላው የቱ ነው?"

"አሁን ጉዳዩ በሽማግሌ እጅ ነው፣ ሀያቴ። ሳይፈረድ ብናገር ነገር ማባባስ ይሆንብኛል። ትንሽ ታገሺ።"

ታገሰች። ምን ታድርግ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁላችንም ተገኘን። ጋሽ ዘውዴ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው "በል፣ ቃሉ ምን አደረገ? ከመነሻው ንገረን" አሉኝ። ከመነሻው! በሕይወቴ ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው። ዊዝ መጀመሪያ የጠብ ቃል እንደነበረ፣ በኋላ ወዳጅ እንደሆነ።

"ማን አስታረቀው?" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

"ማንም አላስታረቀውም። በራሱ ጊዜ ነው።"

"ስንት ጊዜ ፈጀበት?"

"ጥቂት መቶ ዓመታት።"

ጋሽ ዘውዴ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሽማግሌ የሌለው አገር እንዲህ ነው" አሉ።

"በዓረብኛ 'መዐ' ነው" አሉ ሼህ ሁሴን። "ከጥንትም አብሮነት ነው። ነገር የለበትም።"

"በግዕዝም 'ምስለ' ነው" አሉ ቄሱ። "ከማንም ተጣልቶ አያውቅም።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ሁሉም አልቆ ነበር። "ዊዝ ግን ቦታውን ያገኘው ሚድ የሚባለውን ቃል አስወግዶ ነው" አልኩ።

"አስወግዶ ማለት?"

"ሚድ ሞተ።"

ሼህ ሁሴን "ላ ኢላሀ ኢለላህ!" አሉ። ጋሽ ዘውዴ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ ተከሉት።

"ገድሎ ነው የወረሰው በለና! ታዲያ ይህ ደም አለበት እኮ። ደም ያለበትን ነገር እኛ ሦስታችን እዚህ ተቀምጠን አንጨርሰውም። የሟች ወገን ሊጠራ ይገባል። የሟች ወገን ማነው?"

መልስ መስጠት አልነበረብኝም። ግን መልሱን አውቀው ነበር፤ የእኔ በሽታ እሱ ነው።

"ጀርመኖች" አልኩ።

"እዚህ አካባቢ ጀርመን አለ?"

"ካራቆሬ አንድ ነጭ ነበር፤ መንገድ ሥራ ላይ" አሉ ቄሱ።

"እሱ ቻይና ነው፣ አባ" አሉ ሼህ ሁሴን።

መምህር ታደለ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መሰለኝ፤ ኋላ ሳየው እየሳቀ ነበር። ያን ጊዜ ብንተያይና አብረን ብንስቅ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። እኔ ግን "አባቶቼ፣ ይህ እኮ ቃል ነው፣ ሰው አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። በሽማግሌ ፊት መጮህ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ስለ እሱ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ተቀጠረብኝ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለ ጩኸቱ አፉ ተባባልን። ስለ ደሙም ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ሰንብተው፣ ነገሩ ባሕር ማዶ የተፈጸመ ስለሆነ ለባለቤቶቹ ይተው ብለው ወሰኑ። ከዚያ ጋሽ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ።

"በል እንግዲህ፣ መምህሩን አፉ በል።"

"እላለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ፤ ቃሉ ጥንት ተቃራኒ ማለት እንደነበረ ሽማግሌዎቹ ይመስክሩልኝ።"

ይህን ስል ሀያት ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ነበር። አየኋት። እሷም አየችኝ። ጋሽ ዘውዴም ሁለታችንን አዩን።

"ስማኝ፣ ልጄ" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አሰብ መንገድ ላይ እያለሁ፣ ቀኙ የእኔ ነው ብሎ አልነቃነቅም ያለ ሾፌር አውቃለሁ። ቀኙ በእርግጥ የእሱ ነበር። ከገደል ያወጣነው ግን እኛ ነን። አንተ እውነትህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። እሷ የት ትግባ?"

ተነስቼ መምህር ታደለን ትከሻውን ሳምኩት። "አፉ በለኝ። ዊዝ ማለት ጋር ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም" አልኩ። ሀያት ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ታየኝ ነበር። ያን አንድ ሰዓት ተኩል የጻፈችው ሁሉ እዚያው ደብተር ውስጥ ነው።

ዕርቅ ግን ያለ ዋስ አይጸናም። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ደነገጉ፤ እኔ ከእንግዲህ በዚህ ወረዳ ውስጥ ለማንም ተማሪ ስለዚህ ቃል፣ ስለ ትርጉሙም ሆነ ስለ አገባቡ ወይም ስለ ትውልዱ፣ ምንም ላልናገር። ከተናገርኩ ዋሴ አንድ ሰንጋ ይቀጣል። መምህሩም በበኩሉ የተዘጋውን ነገር ክፍል ውስጥ ላያነሳ። "ዋስህ ማነው?" ተባልኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም ቀና አላለም። በመጨረሻ ሐጂ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ። ለልጃቸው ሲሉ ነው ያነሱት፤ ለእኔ ሲሉ እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ሰኞ ሀያት ክፍል ገባች። ሐጂ ለጎረቤት ሁሉ ቴምር አደሉ። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ማክሰኞ ቆየ።

ማክሰኞ ልጅቷ መምህር ታደለን ከክፍል በኋላ ጠብቃ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ቢላና ባጃጅ። መምህሩ ግራና ቀኝ አየና "ሀያት፣ በሽማግሌ የተዘጋ ነገር ነው፤ እኔ ቃሌን አላፈርስም" አላት። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ጓደኞቿን ጠየቀች፤ አንዷ ሁለቱም ዊዝ ነው አለቻት፣ ሌላዋ ሁለቱም ባይ ነው አለቻት፣ ሦስተኛዋ "ዝም በይ፣ አባትሽን ሰንጋ ታስከፍያለሽ" አለቻት። ስልኳን ደግሞ ሐጂ ለጥናቷ ሲሉ ፈተናው እስኪያልቅ ቆልፈውባታል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ መጣች። አልተቀመጠችም። ደብተሯን ከፈተች፤ አንድ መስመር ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ክፍት ተትቷል።

"ጋሼ። ቢላው የቱ ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ከግድግዳው ማዶ ሐጂ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ ከወጥ ቤት ቢላ አመጣሁና ሽንኩርት እየቆረጥኩ በጭንቅላቴ አንዴ ወደ ቢላው፣ አንዴ ስለ ዊዝ ወደ ጻፈችበት ደብተር ምልክት ልሰጣት ሞከርኩ።

"ዊዝ ነው?" አለች ሀያት፣ ዓይኗ በርቶ።

"አንተ ሰው!" አሉ ሐጂ ከግድግዳው ማዶ። "ሰንጋው!"

"እኔ ምንም አልተናገርኩም፣ ሐጂ!"

"ጭንቅላትህ ተናግሯል!"

ሀያት እንደቆመች ናት። ትንሽ ቆይቶ የሐጂ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ቁጣ የለበትም።

"ልጄም የእኔ ናት" አሉ። "ቃሌም የእኔ ነው። የቱን ልጣል? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የተማርከው።"

እኔ የተማርኩት ቢላውን ይዤ ቆሜ ነበር። ሽንኩርቱ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ሀያት የእኔን ጭንቅላት ማመን ይኑርባት አይኑርባት አላወቀችም፤ ያም አይፈረድባትም፤ ያ ጭንቅላት ከዚህ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አውርቶላት ነው ዛሬ እዚህ የደረሰችው። "ይሁን ጋሼ" አለችኝና ክፍቱን መስመር እንዳለ ትታ ደብተሩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሶቹ ተፈታኞቹን ጭነው ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ ይወስዷቸዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አያገኛትም። እኔ ለተማሪ ላልናገር ምያለሁ፤ ለአንባቢ ላልጽፍ ግን ማንም አላስማለኝም፤ እናንተ ደግሞ ዋስ አልጠራችሁም። ስለዚህ ከእናንተ አንዳችሁ ከቅዳሜ በፊት በደሴ መንገድ የምታልፉ ከሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። የማሾ ነጋዴውን የሐጂን ቤት ጠይቁ፤ ማንም ያሳያችኋል። ልጅቷን ጥሯትና ቢላው "ዊዝ" ነው፣ ባጃጁ "ባይ" ነው በሏት። ከዚያ አፋችሁን ዝጉና ሂዱ።